የቀድሞው ዓምድ

መኪናዋ ድልድዩን ተሻግራ ዳገቱን ስትይዝ ማጓራት ጀመረች። ሾፌሩ ከማርሹ ጋር እየታገለ፣ «አይዞሽ እመቤቴ፣ ትንሽ ነው የቀረሽ» እያለ ያባብላታል። የሸራ ጣሪያዋ በነፋሱ እየተርገበገበ የመንገዱን አቧራ ሁሉ ወደ ውስጥ ይጋብዛል። ከኋላ የተቀመጠው ሰው ጥቁር ካፖርቱን እስከ አገጩ ቆልፎ፣ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ በሁለት እጁ ጨብጧል። ለመድረስ ይቸኩላል፤ መድረሱን ደግሞ ይፈራል።

«ምነው ጋሼ፣ ዛሬ ዝም አሉ?» አለ ሾፌሩ። «ጥርስ ሊያስነቅሉ የሚሄዱ ነው የሚመስሉት።»

«ከዚያም ይብሳል።»

«የቀድሞው ሚኒስትር ዘንድ መሄድ? ኧረ ጋሼ! ሌላው ቢያገኝ በእግሩ ይሄዳል። ጽሑፋቸውን ሚስቴ ናት የምታነብልኝ። ባለፈው ስታነብልኝ ራቱ እስኪቀዘቅዝ አፌን ከፍቼ ነው የሰማሁት። ሰው ከጻፈ እንዲህ ይጻፍ!» ከዚያ ለማን እንደሚናገር ትዝ አለውና ጉሮሮውን ጠረገ። «የርስዎም... መቼም አይከፋም።»

«የኔን ታነብልሃለች?»

«የርስዎ አራተኛው ገጽ ላይ ያለው አይደል? ከሳሙናው ማስታወቂያ ሥር?»

ሰውዬው ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ሾፌሩም ወደ ማርሹ ተመለሰ።

የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል ሰዎች ይህን ተሳፋሪ «ዓምዱ» ይሉታል። ሲያወጡለት ለቀልድ ነበር፤ እሱ ግን ወደደው። የፊተኛው ገጽ የግራ ዓምድ ከጎልማሳነቱ ጀምሮ የሱ ነበር። ጎጆ በምሰሶዋ እንደምትቆም ሁሉ አገሪቱም ጠዋት ጠዋት በዚያ ዓምድ ተደግፋ የምትነሳ ይመስለው ነበር። ጽሑፉ የተረጋጋ ነው፤ ለማንም አይጮኽም፣ ማንንም አያስቀይምም። ከወንዙ ማዶ ያለው መንግሥት ጦር ሲሰበስብ «ጎረቤት መቼም ደጁን ይጠግናል» ብሎ ጽፎ ነበር። ብዙ ሰው ደስ ብሎት ተኝቷል።

ከዚያ የጦር ሚኒስትሩ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር ተጣላና ከሥልጣኑ ወረደ። ቤቱ ተቀምጦ ግድግዳ ከመቁጠር ብሎ፣ ለጊዜ ማሳለፊያ፣ በሳምንት አንድ ጽሑፍ ልስጣችሁ አለ። የጋዜጣው ባለቤት እንደ ቀልድ ተቀበለው። በመጀመሪያው ጽሑፍ ሰው «ሥልጣን ሲያጡ ያማል» ብሎ ሳቀ። በሁለተኛው ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ጋዜጣ ሻጮቹ ገና ጥጉን ሳይዞሩ ከእጃቸው ይነጠቁ ጀመር። ሕዝቡ «የቀድሞው ምን አለ?» እያለ ነው የሚውለው። የግራው ዓምድ ለሱ ተሰጠ፤ ዓምዱ የተባለውም ሰው ወደ አራተኛው ገጽ ተዛወረ። የዝግጅት ክፍሉ ቀልደኞች፣ «ዓምዱ ተነቀለ፤ ጣሪያው ግን አልወደቀም» አሉ።

ቅናትን ዓምዱ ከዚያ በፊት በሰው ቤት ነው የሚያውቀው። አሁን ወደ ቤቱ እንግዳ ሆኖ ገባና ባለቤት ሆኖ ተቀመጠ። የሰውየውን ጽሑፍ ቀይ እርሳስ ይዞ ስህተት ይፈልግበታል። ያገኛልም፤ ግን ሲያርመው ዓረፍተ ነገሩ ይሞትበታል፣ እርሳሱን ወርውሮ ይነሳል። አንድ ቀን ደግሞ ለሸሚዙ ቁልፍ ክር ሲፈልግ የሚስቱን የስፌት ቅርጫት ከፈተ። የቀድሞው ሚኒስትር ጽሑፎች በመቀስ ተቆርጠው፣ በደንብ ተጣጥፈው ከመርፌና ከክሩ ጋር ተቀምጠዋል። እንደተከዳ ባል ደሙ ፈላ።

«ይሄ ምንድነው?» አላት።

ሚስቱ የሴቶች ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት፤ የተማሪ ጥያቄ እንደምትመልስ ቀና ብላ አየችው። «ልጄ ድንበር ላይ ነው። ስለ ድንበሩ የሚጽፉት እሳቸው ብቻ ናቸው።»

«እኔም ጽፌያለሁ።»

«አንተ ስለ ሰላም ነው የጻፍከው።»

«የኔን ቆርጠሽ አስቀምጠሽ ታውቂያለሽ?»

«አንተን ምን ላድርግህ?» አለች እየሳቀች። «አንተ እንደሆንክ ራስህ አለህልኝ!»

ሳቋ ለሌላ ቀን ያስደስተው ነበር። ያን ቀን ግን ቁልፉን ሳያስተክል ወጣ።

ዛሬ ጠዋት ታዲያ የጋዜጣው ባለቤት ቢሮው አስጠራው። ባለቤቱ የኪሱን ሰዓት ሰንሰለት በጣቱ እያጠነጠነ፣ «ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው ደውለውልኛል» አለ። «የዚህ ሳምንት ጽሑፍ ስለ ምሽጎቹ ጥይት ሊያወራ እንደሆነ ሰምተዋል። ያ ነገር ከጽሑፉ ካልተሰረዘ ጋዜጣው ይዘጋል። የሰውየው ጸሐፊም ታማለች፤ ጽሑፉን የሚያመጣልን የለም። ሂድና አግባባው። እሺ ካለ ጽሑፉን ይዘህ ና። እምቢ ካለ...» ዓምዱን ትክ ብሎ አየው። «እምቢ ካለማ ከዛሬ ጀምሮ ከሱ ጋር ያለን ነገር አበቃ። ዓምዱም ወደ ባለቤቱ ይመለሳል።»

ዓምዱ ባርኔጣውን አነሳ። ለማግባባት የተላከ ሰው፣ እምቢታ ለማምጣት ቋምጦ ወጣ።

የቀድሞው ሚኒስትር ቤት ከከተማው ወጣ ያለ፣ የድንጋይ ቤት ነው። መኪናዋ ገና በሩ ላይ ከመድረሷ አንድ ግዙፍ ሰው ከቤቱ ተወርውሮ ወጣ። ኮቱን አንድ እጁን ብቻ አጥልቋል፤ ክራቫቱ ተጣሟል፤ የቀኝ እግሩን እየጎተተ፣ ያለ ከዘራ፣ ሊሮጥ ይሞክራል። ከዚያ በመኪናዋ በር ላይ የተጻፈውን የጋዜጣውን ስም አነበበ። ቆመ። ሌላውን እጁን ቀስ ብሎ ኮቱ ውስጥ አስገባ።

«አ፣ እናንተ ናችሁ» አለ።

ሚስቱ ከኋላው ከዘራውን ይዛ ደረሰች። እንግዳውን እያስገባች በሹክሹክታ፣ «አይቀየሙ» አለችው። «የመንግሥት መኪና መስሏቸው ነው። መኪና በሰሙ ቁጥር እንዲህ ናቸው።»

ዓምዱ መጀመሪያ ደስ አለው። ደስታው ግን ኮሪደሩን እንኳ አላለፈም፤ ከበፊቱ የባሰ ቅናት ደረሰበት። እሱ የሚሞትለትን ዓምድ ይሄ ሰውዬ እንደ ባቡር ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ተቀምጦበት ሌላ ነገር ይጠብቅበታል! ሰው የነጠቀውን እንኳ ቢወደው ምን ነበረበት?

የሥራ ክፍሉ ግድግዳ በካርታ ተሸፍኗል። ጥግ ላይ የማዕረግ ልብሱ ከነኒሻኑ ተቦርሾ ተሰቅሏል፤ ጠረጴዛው ላይ የማይጮኽ ስልክ ተቀምጧል። ሰውየው እንግዳውን ወንበር ጠቆመውና ራሱ ቆመ።

«ዓምዱ የሚሉህ አንተ ነህ? ወንበርህ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ ማለት ነው።»

«ይመችዎታል፣ ክቡር ሚኒስትር?»

«ይቆረቁራል» አለና በጎርናናው ድምፁ ሳቀ። «ምን ብለው ነው የላኩህ?»

ዓምዱ በመንገድ ያዘጋጀው ለስላሳ ንግግር ነበር፤ ሆን ብሎ አበላሸው። «ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስለ ጥይቱ የሚናገረው ክፍል እንዲቀር አዘዋል።»

«አዘዋል?»

«አዘዋል።»

የሰውየው አንገት ቀላ። «እኔን? ሂድና ንገራቸው! አንዲት ቃል አትነካም! ጋዜጣው ይዘጋ፣ እኔም ልታሰር፣ አንዲት ቃል!» ጠረጴዛውን በጡጫ ሲመታው የስልኩ ደወል ጭል አለ፤ ሁለቱም ሳያስቡት ዞረው አዩት።

ዓምዱ በሆዱ እልል አለ። በቃ፤ አለቀ። ተነስቶ ባርኔጣውን አነሳ።

«የት ትሄዳለህ? ተቀመጥ» አለው የቀድሞው። «ጸሐፊዬ ታማለች። እኔ ልናገር፣ አንተ ጻፍ። ባይታተምም ተጽፎ ይቀመጥ።»

እኔ ደግሞ የሱ ጸሐፊ ልሁን? አለ ዓምዱ በልቡ። እግሩ ግን አልሄደለትም። ይህ ነገር እንዴት እንደሚሠራ በዓይኑ ማየት ፈለገ፤ ዘዴው ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደሚቀዳው። ተቀመጠ፤ ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከረ።

ጽሑፎቹ ከሰውየው አፍ እንደ ውኃ የሚፈሱ ይመስለው ነበር። አይፈሱም። ሰውየው እግሩን እየጎተተ ይንጎራደዳል፤ ያጉረመርማል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጀምርና «አይ፣ ይሄ ቆሻሻ ነው፣ ሰርዘው» ይላል። እንደገና ይጀምራል፤ ቃሉን ገልብጦ፣ አሳጥሮ፣ ለግድግዳው ነግሮ ያየዋል። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። በመጨረሻ አንዷ ትመጣለች። ስትመጣ ደግሞ የዓምዱ የእጅ ፀጉር ይቆማል። ቢቀለው ኖሮ በጠላው፤ መልፋቱን ሲያይ ግን መጥላቱ ራሱ አልሆንለት አለ። ቅናቱ ብቻ እንዳለ ቀረ።

ከዚያ ሰውየው ካርታው ፊት ቆመና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጻፍ። የወንዙ ምሽግ መድፎች አዲስ ናቸው። የተላከላቸው ጥይት ግን የአሮጌዎቹ ነው፤ አፋቸው ውስጥ አይገባም። ጠላት ቢመጣ ምሽጉ የሚተኩሰው የለውም። እዚያ ያሉት ልጆች ይህን ያውቃሉ። እናቶቻቸው አያውቁም።»

ብዕሩ ቆመ። ጫፉ ላይ የነበረው ቀለም ወረቀቱ ላይ ጠብ አለና ተስፋፋ።

«ምነው? ፈጠንኩብህ?»

«የወንዙ ምሽግ ነው ያሉት?»

«አዎ።»

«ልጄ እዚያ ነው፣ ክቡር ሚኒስትር።»

እንግዳው ከመጣ ጀምሮ የቀድሞው ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠ። «መድፈኛ ነው?»

«መድፈኛ ነው።»

«ምን እያለ ይጽፍላችኋል?»

«ስለ አየሩ። ዘንድሮ ዝናቡ ደግ ነው ይላል።»

«አዎ» አለ የቀድሞው። «ሌላው የደብዳቤ ምርመራውን አያልፍም።»

ከቤቱ ጓሮ ውኃ በባልዲ ሲቀዳ ይሰማል። ዓምዱ ወረቀቱን አየ። አንቀጹ ቢሰረዝ ቀሪው ይታተማል፤ ዓምዱም የዚህ ሰው ሆኖ ይቀራል። አንቀጹ ካልተሰረዘ ሁሉም ይጣላል፤ ዓምዱ ይመለስለታል። በዚህም ሄደ በዚያ ልጁ የማይተኮስ መድፍ ሥር ተቀምጧል። ሚስቱ ደግሞ አታውቅም።

«አንቀጹን ከዚህ ያውጡት» አለ።

የቀድሞው ቀና አለ። «ምን?»

«ቀሪውን በርስዎ ዓምድ ያሳትሙታል። ይህንን እኔ በኔ ዓምድ አሳትመዋለሁ።»

«የጋዜጣው ባለቤት ያየዋል እኮ።»

«አያየውም።» ዓምዱ ብዕሩን አስቀመጠ። በዚህች ምድር ላይ ይህን ቃል ሊነግረው የማይፈልገው ሰው ቢኖር ፊቱ የተቀመጠው ነው። «የርስዎን ገጽ ሲያበጥር ነው የሚውለው። አራተኛውን ገጽ አያየውም። የኔን ዓምድ... ማንም አያነበውም።»

ይስቃል ብሎ ጠበቀ። ሰውየው አልሳቀም፤ አለመሳቁ ይበልጥ ጎዳው።

«በስምህ ነው የሚወጣው?»

«በስሜ ነው።»

የቀድሞው ወረቀቱን ከፊቱ ስቦ አንቀጹን አነበበው፤ እንደገና አነበበው። ልጁን ለሌላ አሳዳጊ የሚሰጥ ይመስል ወረቀቱ ከእጁ ቶሎ አልለቅ አለ። «ይሄ እኮ ነው ደህናው» አለ በቅሬታ። «ሌላው ማጀቢያ ነው።» ቀጥሎ ድንገት ኮስተር አለ። «አራት ነጥቦቼን አትንካብኝ።»

ከሰዓት በኋላ የጋዜጣው ባለቤት የተገረዘውን ጽሑፍ አገላብጦ አይቶ፣ «አግባባኸው?» አለ ማመን አቅቶት።

«አግባባሁት።»

«አንተ ሰው፣ አምባሳደር መሆን ነበረብህ! እንግዲህ ዓምዱ... መቼም ይገባሃል፣ ከሱ ጋር እስካለ ድረስ...»

«ይገባኛል» አለ ዓምዱ። ወደ ማተሚያው ወርዶ የራሱን ጽሑፍ ለፊደል ለቃሚው በእጁ ሰጠ።

በማግስቱ ጠዋት ማንም ምንም አላለም። ዓምዱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ አንዴ በሩን አንዴ መስኮቱን ያያል። ዘንድሮ ጨርሶ የማይነበብ ሰው ሆኛለሁ ማለት ነው ብሎ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ቀን ላይ ግን አንድ ፀጉር አስተካካይ ቤት ተራ የሚጠብቅ ሰው የፊቱን ገጽ ጨርሶ፣ የሚያነበው ሲያጣ ጋዜጣውን ገለበጠ። የሰሙት እንደሚሉት ጮክ ብሎ አነበበው፤ ግማሽ ፂሙን የተላጨው ደንበኛ ከነሳሙናው ተነስቶ ወደ ሚስቱ ሮጠ። ከዚያ በኋላ ማን ለማን እንደነገረ አይታወቅም። ከሰዓት በኋላ የጦር ሚኒስቴሩ በር በእናቶች ተሞላ። የጋዜጣው ባለቤት ዓምዱን ሊያባርረው ደረጃውን እየዘለለ ወርዶ ነበር፤ አንድም ቅጂ እንዳልቀረ ሲነግሩት ግን መሐል ላይ ቆሞ አሰበና ተመልሶ ወጣ። ጋዜጣውንም የሚዘጋው አልተገኘም፤ እነዚያ ሁሉ እናቶች በር ላይ ቆመው ማን ይደፍራል? ከጥቂት ቀናት በኋላ ትክክለኛውን ጥይት የጫነ ባቡር ወደ ወንዙ ሄደ።

እናቶቹ በተሰበሰቡ ዕለት ሚስቱ ቤት የገባችው አመሻሽ ላይ ነው፤ በጩኸት ብዛት ድምፅዋ ተዘግቷል። ካፖርቷን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ወደቀችና እጁን ያዘችው።

«የማን እንደሆነ አውቄዋለሁ» አለች።

ዓምዱ ደነገጠ። «ምኑ?»

«አንቀጹ። የሳቸው ነው።»

ልጁ በሞት አፋፍ ላይ ነው፤ ሚስቱ ስትጮህ ውላ መጥታለች፤ ከተማው ታውኳል። እሱ ግን በዚያች ሰዓት የጠየቀው ሌላ ነገር ነው። «ምኑ ላይ ነው ያወቅሽው?»

«አንተ ‹ምናልባት› ሳትል አንድ አንቀጽ ጨርሰህ አታውቅም።»

እጁን ሊነጥቅ ፈለገ፤ አጥብቃ ያዘችው። «አኩርፍ፤ ብታኮርፍም ግድ የለኝም» አለች በተዘጋ ድምፅዋ። «ብቻ ስላወጣኸው እግዜር ይስጥህ።»

ምስጋናውን ተቀበለ። ቅናቱ ግን ጎኑ ላይ እንደ ተሰበረ መርፌ ተሰክቶ አደረ።

ክረምቱ ሳይወጣ ጦርነቱ ተጀመረ። የወንዙ ምሽግ መድፎች ተኮሱ፤ ምሽጉም ሳይደፈር ቀረ። ከልጁ የመጣው ወረቀት አሁንም ስለ አየሩ ነበር፤ ሚስቱ ዝናብ የሚለውን ቃል እየሳመች አነበበችው። ወደ ድንጋዩ ቤትም አንድ ጠዋት የመንግሥት መኪና ሄደች። የቀድሞው እንደገና የጦር ሚኒስትር ሆነ፤ ለጋዜጣው አንዲት የስንብት ቃል እንኳ አልጻፈም። የግራው ዓምድ ባዶውን ቀረና ለዓምዱ ተመለሰ። ሰው መንገድ ላይ ባርኔጣ እያነሳለት፣ «ያ የጥይቱ ጽሑፍ!» ሲለው ምስጋናውን እንደ መራራ መድኃኒት ይውጠው ነበር።

የራሱን ነገር ለማግኘት ወደ ባቡር ጣቢያው ሄደ። በጣቢያው ውሎ ያየውን ጻፈ፦ ከግንባር የመጡ ቁስለኞች ዝናብ እየመታቸው መሬት ላይ ተኝተዋል፤ ፉርጎዎቹ ደግሞ የመኮንኖችን ሻንጣ ይዘው ተቆልፈዋል። እየሰረዘ፣ ለግድግዳው እየነገረ፣ ላቡ በግንባሩ እየወረደ ጻፈው።

በዚያን ጊዜ ዝግጅት ክፍሉ ውስጥ ጽሑፍ የሚመረምር አንድ ሻምበል ተመድቦ ነበር። ሻምበሉ ወረቀቱን መለሰለት። ስለ ቁስለኞቹ ያለው አንቀጽ በቀይ ተሰርዟል።

«ማን ነው የሰረዘው?»

«ክቡር የጦር ሚኒስትሩ ራሳቸው። የርስዎ ጽሑፍ እንዲላክላቸው አዘው ነበር።»

«ራሳቸው አነበቡት?»

«ከላይ እስከ ታች። ‹እኔ ብሆን ይህን አንቀጽ መጀመሪያ ላይ ነበር የማደርገው› አሉና ሰረዙት።»

ዓምዱ ወረቀቱን ይዞ ቆመ። መናደድ ነበረበት፤ ንዴቱም መጣ፤ ግን ቀድሞ የመጣው ሌላ ነበር። ያ ሰው አንብቦታል። አንብቦት ደግሞ ልጻፍ ልጻፍ ብሎ እጁን በልቶታል። ጆሮው እስኪግል ድረስ ደስ አለው፤ ቀጥሎ ቁስለኞቹ ትዝ አሉትና በደስታው አፈረ።

ጋዜጣው በነጋታው አንቀጹ የነበረበትን ቦታ ነጭ አድርጎ ወጣ። ቁርስ ላይ ሚስቱ ጣቷን ነጩ ላይ አደረገች።

«እዚህ ጋ ምን ነበር?»

ነገራት። ምንም አላስቀረም። ሰምታ ስትጨርስ ካፖርቷን አነሳች።

«ድገመው።»

ደገመው። ከንፈሯ ከሱ ጋር አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ለተማሪዎቿ የምታስጠናውን እንደምትይዝ ቃል በቃል ያዘችው። በሩን ሳትዘጋ ወጣች።

ዓምዱ መስኮቱ ጋ ሄደ። ጎረቤቲቱ በሯን ከፈተች፤ ልጇ ግንባር ነው። ሚስቱ ክንዷን ያዘቻትና መናገር ጀመረች። ድምፅዋ እሱ ዘንድ አይደርስም፤ ግን ከንፈሯን ያያል፤ የቱ ጋ እንደደረሰችም ያውቃል። የምትናገረው የራሱን ቃል ነበር።